ሞተሩ ሳይነሳ መብራት ያለባት ቀይ መብራት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ለአውሮፕላን ጥገናና ለኤሌክትሮኒክስ ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ዕቃ ሲገጣጠም ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፦ ስምንት እግር ያለው አንድ አይሲ (ብዙ ክፍል በአንድ ቺፕ የያዘ)፣ አንድ ትራንዚስተር፣ እፍኝ የማይሞሉ ሬዚስተሮች፣ ሦስት ካፓሲተሮችና አንዲት ቀይ ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንሽ መብራት። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ የትንሽ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ መስመር ቮልቴጅ ከልኩ ሲወርድ ለአብራሪው ይነግረዋል። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ በግማሽ ቀን ተሠርቶ ያልቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እስታኞው (ብየዳው) ሳይሆን ሐሳቡ ነው። በስንት ቮልት ትብራ? የራሷ ዕቃ ሲበላሽስ በርታ ትቅር ወይስ ጠፍታ? ዛሬ ረዘም አድርገን የምንቆየው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

አልተርኔተር፣ በሞተሩ እየተዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ፣ አየር ላይ ሥራ ሲያቆም ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማም። አብዛኞቹ ትናንሽ የፒስተን ሞተሮች የእሳት ብልጭታቸውን የሚያገኙት ከባትሪው ሳይሆን ማግኔቶ ከሚባል ራሱ ከሚያመነጭ ዕቃ ስለሆነ ሞተሩ እንደ ወትሮው ይዞራል። ሬዲዮው ያወራል፣ ትራንስፖንደሩ ለራዳር ይመልሳል፣ መብራቱ ይበራል። ልዩነቱ አሁን ሁሉም የሚበሉት ከባትሪው መሆኑ ነው። 24 አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ዕድሜው ገፋ ሲል ከ19 ብዙም አይሰጥም፤ በፍጥነት ሲሳብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 20 አምፒር የሚበላ አውሮፕላን ላይ ይህ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። አብራሪው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አውቆ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፍቶ ጭነቱን ወደ 6 አምፒር ቢያወርደው ግን ያው ባትሪ ሦስት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። የመብራቷ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። አምፒር ሜትር አለ እንዳትሉ፤ ያቺ ትንሽ መርፌ ከፓነሉ ጥግ ናት፣ አብራሪው ደግሞ ዓይኑ ውጭ ነው።

በሚኒባስ ክሩስኮት ላይ የባትሪ ምስል ያላት ቀይ መብራት አለች፤ ብዙዎቻችሁ ያንኑ እዚህ እናምጣው ትሉ ይሆናል። የተለመደችዋ ዓይነት ግን ቮልቴጅ አትለካም። አንዱ ጫፏ ከቁልፉ፣ ሌላው ጫፏ ከዲናሞው ነው፤ ዲናሞው ጭራሽ ሳያመነጭ ሲቀር ትበራለች። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ደክሞ 12.8 ቮልት ብቻ ሲሰጥ ግን ዝም ትላለች፤ ባትሪው በዚያ ቮልቴጅ በወጉ እንደማይሞላ አትነግራችሁም። እኛ የምንፈልገው ውጤቱን፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ሁሉም መሣሪያ በሚከፈልበት ብረት፣ በባስባሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ የሚለካ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። በ12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ የሚሠራ አውሮፕላን ላይ ጤነኛ አልተርኔተር መስመሩን በ13.8 እና በ14.4 መካከል ይይዘዋል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ምንም ሳይሞላና ሳይሳብ ሲቀር ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል አንድ ቮልት የሚያክል ባዶ ሜዳ አለ። ጤነኛ ሥርዓት እዚያ ውስጥ አይቆይም፤ ወይ ከላይ ነው ወይ ከታች። መብራቷን እዚያ ሜዳ ውስጥ፣ 13.0 ቮልት ላይ እናቆማታለን።

ብዙ ጀማሪ የሚመርጠው 12.0 ወይም 11.5 ነው፤ "ባትሪው ሲደክም ትንገረኝ" ብሎ። ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ባትሪው በመጠነኛ ጭነት 11.5 ሲደርስ ጉልበቱ አብዛኛው አልቋል፤ በዚያን ጊዜ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ መርዶ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። 13.0 ላይ የምትበራው መብራት የምትናገረው ስለ ባትሪው አይደለም። "ከአሁን ጀምሮ የምትበላው ከጎተራ ነው" ነው የምትለው፤ ጎተራው ገና ሙሉ ሳለ።

የ13.0 ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አይተናነስም። ሞተሩ ሳይነሳ ዋናው ማብሪያ፣ ማስተር ስዊቹ፣ ሲከፈት መስመሩ 12.6 ወይም ከዚያ በታች ስለሚሆን መብራቷ የግድ መብራት አለባት። ሞተሩ ተነስቶ አልተርኔተሩ ሲይዝ ትጠፋለች። አብራሪው በእያንዳንዱ በረራ መጀመሪያ ላይ ሳይለፋ ከፊውዙ እስከ ኤልኢዲው ሙሉውን መስመር ፈተሸ ማለት ነው። 11.5 ላይ የተቃኘች መብራት ይህን አታደርግም፤ ጠፍታ ስትታይ ደህና ሆና ይሁን ሞታ አይታወቅም። ለዚህ ነው እዚህ ሥራ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ የማንገጥመው። ኤልኢዲውን በቀጥታ የሚያበራ የሙከራ ቁልፍ የሚፈትሸው ኤልኢዲውን ብቻ ነው፤ ከኋላው ያለው አይሲ ሞቶ እንኳ መብራቷ ትበራለችና ያታልላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ገና ሞተር ያጠፋ ወይም ከቻርጀር የተነሳ አውሮፕላን ላይ ባትሪው ለጥቂት ጊዜ ከ13 በላይ ሊያሳይ ይችላል። የማረፊያ መብራቱን ጥቂት ሰከንድ አብሩት፤ ይወርዳል፣ መብራቷም ትመጣለች።

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ሐሳቡ ሁሉ ይቀየራል። ይህ ባትሪ የሚያርፈው ከ13.2 እስከ 13.3 ላይ ነው፤ ሲሳብም ለረዥም ጊዜ እዚያው አካባቢ ይቆያል። 13.0 ብላችሁ ብትተዉት መብራቷ የምትመጣው ዘግይታ ነው፣ ሞተር ሳይነሳም ላትበራ ትችላለች። ለእሱ 13.5 ላይ ቃኙ፤ አልተርኔተሩ ቢያንስ 14.2 እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ለኩ።

ወደ ሥራው እንሂድ። ልቡ ኤልኤም2903 የሚባል ኮምፓራተር ነው። ከኤልኤም393 ጋር አንድ ዓይነት እግር አለው፤ 2903ን የመረጥነው ለብርድም ለሙቀትም ሰፋ ያለ ክልል ስላለው ነው። ኮምፓራተሩ ሁለት ቮልቴጅ ያወዳድራል። አንዱ የማይነቃነቅ መለኪያ ነው፤ እሱን የሚሰጠን ቲኤል431 ነው፣ ማመሳከሪያ እግሩን ከካቶዱ ጋር ስናገናኘው 2.495 ቮልት ላይ ይቆማል። ሌላው ከባስባሩ ተከፍሎ የሚመጣ ቮልቴጅ ነው።

የኃይል አቅርቦቱ እንዲህ ነው። ከባስባሩ 1 አምፒር ፊውዝ፣ ከዚያ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ከዚያ 100 ኦም 1 ዋት ሬዚስተር፤ ከሬዚስተሩ ማዶ ወደ ግራውንድ (የጋራው ኔጌቲቭ መስመር) ፒ6ኬኢ18ኤ የሚባል የቮልቴጅ ገዳቢ። ዳዮዱ ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር ያድናል። ገዳቢውና 100 ኦሙ ደግሞ አልተርኔተሩ በድንገት ጭነት ሲያጣ የሚመጣውን ግፊት ይይዛሉ። መስመሩ ለቅጽበት 40 ቮልት ቢደርስ እንኳ በሬዚስተሩ የሚያልፈው ከሩብ አምፒር በታች ነው፤ አይሲው ላይ የሚደርሰውም ከሚችለው 36 ቮልት በእጅጉ ያነሰ ነው። 100 ኦሙን ትታችሁ ገዳቢውን ብቻ ብታስገቡ ግፊቱን ሁሉ ብቻውን ይሸከምና ወይ እሱ ወይ ፊውዙ ይሄዳል። ከአይሲው 8ኛ እግር (አቅርቦቱ) ወደ 4ኛው (ግራውንዱ) 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በአጭር እግር እሰሩ።

ቮልቴጅ ከፋዩን ከፊውዙ በኋላ፣ ከዳዮዱ በፊት ጀምሩ። ከዳዮዱ በኋላ ብትጀምሩ የዳዮዱ 0.7 ቮልትና በ100 ኦሙ ላይ የሚጠፋው ልኬቱ ውስጥ ይገባሉ፤ እነሱ ደግሞ በሙቀትና በጭነት ይለዋወጣሉ። ከላይ 39 ኪሎ ኦም (13.5 ላይ ለሚቃኘው ለሊቲየሙ 43)፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ 5 ኪሎ ኦም ባለ ብዙ ዙር ትሪመር፣ ማለትም በብሎን የሚስተካከል ሬዚስተር፤ ከታች ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም። ሁለቱም ቋሚ ሬዚስተሮች 1 በመቶ ሜታል ፊልም ይሁኑ። መካከለኛው ነጥብ ወደ 2ኛው እግር ይገባል። ከዚያው ነጥብ ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከጎኑም 1 ናኖፋራድ። ትልቁ ቅጽበታዊ ውጣ ውረድን ወደ 80 ሚሊሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ ያለሰልሳል፤ ትንሹ ለሬዲዮው ነው። የአቪዬሽን ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ሲያስተላልፍ ሽቦዎቻችን አንቴና ይሆናሉና፣ ትንሹ ካፓሲተር ከሌለ አብራሪው በተናገረ ቁጥር መብራቷ ትንቦገቦጋለች።

10 ማይክሮፋራዱ ሴራሚክ ይሁን። ያረጀ ኤሌክትሮላይቲክ ይፈስሳል፤ አንድ ማይክሮ አምፒር ብቻ ቢያፈስስ የመብሪያው ነጥብ በ0.04 ቮልት ገደማ ይንሸራተታል፤ አምስት ቢያፈስስ 0.2 ቮልት ነው።

ቲኤል431ን ከተጠበቀው አቅርቦት በ4.7 ኪሎ ኦም መግቡት፤ ከ1.6 ሚሊ አምፒር በላይ ያገኛል፣ በወጉ ለመሥራት 1 ይበቃዋል። ከካቶዱ በ10 ኪሎ ኦም ወደ 3ኛው እግር። እዚህ ቦታ ላይ "ለማጣራት" ብሎ ካፓሲተር በካቶዱና በግራውንድ መካከል የሚጨምር ብዙ ነው፤ አታድርጉት። ቲኤል431 ከ10 ናኖፋራድ እስከ ጥቂት ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ሲታሰርበት ራሱን ማወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ቴስተር ሲያነበው ትክክል የሚመስል፣ ሥራው ግን የተዛባ መለኪያ ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱን ለማወቅም ቀን ሙሉ ይፈጃል።

ከ1ኛው እግር ወደ አቅርቦቱ 4.7 ኪሎ ኦም፤ ከዚያው እግር በ10 ኪሎ ኦም ወደ 2ኤን2222 ትራንዚስተር ቤዝ። ኤሚተሩ ግራውንድ፣ ኮሌክተሩ ወደ ኤልኢዲው፣ ኤልኢዲው በ560 ኦም ወደ አቅርቦቱ። ወደ 15 ሚሊ አምፒር ይደርሰዋል። ከ1ኛው እግር ወደ 3ኛው 1.5 ሜጋ ኦም እሰሩ፤ ይህ ነው መብራቷን የማያመነታ የሚያደርጋት። በ13.0 ትበራለች፣ የምትጠፋው ግን ቮልቴጁ ወደ 13.25 ሲመለስ ነው። ያለ እሱ መስመሩ በ12.98 እና በ13.02 መካከል ሲዋልል መብራቷም አብራ ትዋልላለች። የአይሲው ሌላኛው ግማሽ ሥራ ስለሌለው 5ኛና 6ኛ እግሩን ግራውንድ አድርጉ፣ 7ኛውን ባዶ ተዉት።

አቀማመጡን ልብ ብላችሁ እዩት። ጤነኛ ሲሆን አይሲው ትራንዚስተሩን ይዞ ያጠፋዋል፤ መብራቷ የምትበራው አይሲው ሲለቅ ነው። ስለዚህ አይሲው ከነአካቴው ከሶኬቱ ቢወጣ ትበራለች። 39 ኪሎው ቢበጠስ ትበራለች። ቲኤል431 ቢበጠስ ትበራለች። 10 ማይክሮፋራዱ ቢነካካ፣ ማለትም ሾርት ቢሆን፣ ትበራለች። ትሪመሩ ከላይኛው ክንድ የገባውም ለዚህ ነው፤ ተንሸራታች እግሩን ከአንዱ ጫፍ ጋር አገናኙት፣ ንዝረት እግሩን ቢያነሳው መብራቷ 13.4 አካባቢ፣ ማለትም ቀድማ ትበራለች እንጂ አትዘገይም። ትሪመሩን ታችኛው ክንድ ላይ ብታደርጉት ይህ ይገለበጣል፤ መብራቷ ትዘገያለች።

ጠፍታ እንድትቀር የሚያደርጉ ብልሽቶችም አሉ፤ አንደብቃቸው። የታችኛው 10 ኪሎ ቢበጠስ፣ ቲኤል431 ሾርት ቢሆን፣ ትራንዚስተሩ ወይም ኤልኢዲው ቢበጠስ፣ ፊውዙ ቢቃጠል መብራቷ አትበራም። እነዚህን የሚይዘው ያ የማለዳ ፍተሻ ነው፦ ማስተር ተከፈተ፣ መብራት የለም፣ አውሮፕላኑ አይነሳም።

አይሲውን ትተን በቲኤል431 ብቻ እንሥራ የሚል አይጠፋም። ይሠራል። ቲኤል431 ከኤልኢዲው ጎን ይታሰርና ቮልቴጁ ደህና ሲሆን ኮረንቱን ለራሱ ይስባል፣ ሲወርድ ለኤልኢዲው ይለቃል። ችግሩ ቲኤል431 ሙሉ በሙሉ ሲስብ እንኳ ካቶዱ ወደ 2 ቮልት ላይ መቅረቱ ነው፤ ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ በ1.8 መታየት ይጀምራል። ጨለማ ውስጥ ሁልጊዜ የምትፈዝ መብራት ትወጣላችኋለች፤ ሁልጊዜ የምትፈዝን መብራት ደግሞ ዓይን ይለምዳታል። ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ አንድ 1ኤን4148 ብትጨምሩ ይጠፋል፤ የማያመነታ ማድረግ ግን አይቻልም። ለመማሪያ ጥሩ ነው፣ ለፓነል አልመርጠውም።

ዕቃውን መርካቶ ታገኙታላችሁ። ለመለማመጃ ቲኤል431 ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ወይም ከላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ፣ ከኦፕቶካፕለሩ ጎን፣ ትንሽ ሦስት እግር ሆኖ ይገኛል። አውሮፕላን ላይ ለሚገባው ግን አዲስ ይሁን፤ አዲሱንም ከመበየዳችሁ በፊት ለኩት። በ4.7 ኪሎ ኦም ከ12 ቮልት መግቡት፣ በ2.44 እና በ2.55 መካከል ካላነበበ ጣሉት። ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ከግራ ወደ ቀኝ ማመሳከሪያ፣ አኖድ፣ ካቶድ ነው። ገጽ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ግን እግሩ ከአምራች አምራች ይለያያልና የራሱን መረጃ ወረቀት እዩ።

ቅኝቱ እንዲህ ነው። የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ከሌላችሁ ከ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀርና ከኤልኤም317 ይሠራል፦ ከመውጫው ወደ ማስተካከያ እግሩ 240 ኦም፣ ከማስተካከያ እግሩ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦምና በተከታታይ 500 ኦም ፖቴንሺዮሜትር። ከ11.7 እስከ 14.3 ገደማ ይሄዳል፤ የሚያስፈልገንም ያው ነው። ቴስተራችሁን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ የራሱ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ብዙ ርካሽ ቴስተር ከእውነቱ በላይ ያነባል፣ መብራቷንም በስሕተት ዝቅ አድርጋችሁ ትቃኛላችሁ። 14.0 ላይ ጀምሩ፣ በቀስታ ወደ 13.00 አውርዱ፣ ትሪመሩን መብራቷ ልክ እስክትመጣ አዙሩ። ወደ ላይ ውጡ፣ የት እንደምትጠፋ ጻፉ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ለኩ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትታችሁም ለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ከተንሸራተተ የሆነ ሬዚስተር ተራ ካርቦን ነው ወይም ካፓሲተሩ ይፈስሳል። ሲያልቅ የትሪመሩን ብሎን በአንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ዝጉት።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰሌዳውን በቫርኒሽ ቀቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም በእኛ አካባቢ ሃንጋር ውስጥ ያደረ ብረት ጠዋት ላይ ላብ ያወጣል። ያልተቀባና የእስታኞ ቅባት ያልታጠበለት ሰሌዳ ላይ እርጥበቱ ከ1.5 ሜጋ ኦሙ ጎን ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ መብራቷ 13.25 ላይ መጥፋት ሲገባት 13.6 ድረስ ትቆያለች። በደረቅ ቀን ተፈትሾ "ምንም የለውም" ተብሎ የሚመለሰው እንዲህ ያለው ነው።

አውሮፕላኑ ላይ ስትገጥሙ ለመብራቷ የራሷን ሽቦ ከባስባሩ ሳቡ። ከሬዲዮው ወይም ከማረፊያ መብራቱ ሽቦ ላይ ጠልፋችሁ ብትወስዱ፣ 0.02 ኦም ባለው ሽቦ ላይ 10 አምፒር ሲያልፍ 0.2 ቮልት ይጠፋል፤ ጤነኛውን መስመር የታመመ ታስመስሉታላችሁ። 22 ቁጥር ሽቦ ይበቃል፣ ሽፋኑ ግን የአቪዬሽን ቴፍዜል ይሁን፤ ተራ ፒቪሲ ሲቃጠል ጭሱ በአውሮፕላኑ ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ይጎዳል። ፊውዙ ባስባሩ ጫፍ ላይ ይቀመጥ እንጂ ሰሌዳው ላይ አይሁን፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ጫፎቹን በእስታኞ ሳይሆን በክሪምፕ፣ ማለትም በመጭመቅ፣ እሰሩ፤ እስታኞ ወደ ሽቦው ውስጥ ሲሳብ ያደርቀዋል፣ ንዝረትም እዚያ ድንበር ላይ ይቆርጠዋል። ኤልኢዲው በአብራሪው የእይታ መስመር ላይ፣ ጠባብ አንግል ካለው በቀጥታ ወደ ዓይኑ የዞረ ይሁን፤ በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ተራ ኤልኢዲን ታጠፋለች።

ለ24 ቮልት ባትሪ የሚቀየረው ጥቂት ነው። 39 ኪሎው 91 ይሆናል። በ100 ኦሙና በገዳቢው ፈንታ 680 ኦም 1 ዋትና 12 ቮልት 1 ዋት ዜነር ይገባሉ፣ የኤልኢዲው 560ም 680 ይሆናል። በ26.0 በርታ በ26.6 ገደማ ትጠፋለች።

ዓይነት ምስክር ወረቀት ባለው አውሮፕላን ላይ ይህን የመሰለ ትንሽ ዕቃ እንኳ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ የተፈቀደ ሥርዓት አይገጠምም። ጠረጴዛ ላይ ሥሩት፣ ተማሩበት፤ ወደ ፓነል የሚሄደው ግን በወረቀቱ ይሂድ።

የመጨረሻው ሙከራ አውሮፕላኑ ላይ ነው። ማስተር ክፈቱ፦ መብራቷ በርታ ትታይ። ሞተር አስነሱ፤ በዝቅተኛ ዙር ብትቆይ አትደንግጡ፣ አልተርኔተሩ ገና አልያዘም ይሆናል። ዙሩን ወደ 1,200 ስታወጡት መጥፋት አለባት። ከዚያ የማረፊያ መብራቱንና የፒቶ (የፍጥነት መለኪያውን ቱቦ) ማሞቂያ አብርታችሁ የአልተርኔተሩን ስዊች ዝጉ፣ ሰዓት ያዙ። መብራቷ ስንት ሰከንድ ቆይታ እንደመጣችና በዚያን ጊዜ ባስባሩ ላይ ቴስተሩ ስንት እንዳነበበ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ምርመራ ያንኑ ሙከራ በተመሳሳይ ጭነት ድገሙትና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሰከንዱ አጥሮ ከተገኘ ባትሪው እየደከመ ነው፤ ቮልቱ ከ13.0 ርቆ ከተገኘ ሰሌዳውን አውጡና ከትሪመሩ ጀምሩ።